«ከተሠራለት በኋላስ ዓይኑ ምን ይሆናል?»



ሰሞኑን ከዶርዜ አንድ ወጣት የውሻውን ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ የሰው ሐኪም እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ይቅርታ። ውሻዬ የዓይኑ መሐል ነጭ ሆኖ ግድግዳ ይጋጫል። ውጭ አገር ለውሻ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ በቪዲዮ አይቻለሁ። እውነት ነው ወይ? ከተሠራለት በኋላስ ዓይኑ ምን ይሆናል?»

መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። ደግሜ ሳነበው ግን የመጨረሻዋ ጥያቄ ያዘችኝ። ይህን ጥያቄ ስለ እናቱ፣ ስለ አያቱ ወይም ስለ ልጁ የሚጠይቀኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው «ይበራላቸዋል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሰምቶ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ለወጣቱ እመልሳለሁ፤ በዚያውም ስለ እናንተ ቤት እናወራለን። የእንስሳውን ነገር ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። ሰውና ውሻ ማነጻጸሬ የሚከፋው ካለ ይቅር ይበለኝ፤ ሌንሱ ግን በሁለቱም ዓይን ውስጥ ሥራው አንድ ነው።

ከስሙ ልጀምር። «ሞራ» ስንል የበግ ሆድ ዕቃ ላይ የተነጠፈው ስስ ስብ ይታየናል። ስለዚህ ዓይን ላይም የሆነ ነገር ከላይ የተነጠፈ፣ በጥፍር ወይም በመድኃኒት የሚገፈፍ ይመስለናል። ቅጠል ጨምቀው ዓይን ውስጥ የሚያንጠባጥቡ ሰዎችም የሚያስቡት ይህንኑ ነው። ግርዶሹ ግን ከላይ አይደለም። ከብሌኑ፣ ማለትም ጥቁር ሆኖ ከሚታየን ቀዳዳ ጀርባ፣ እንደ ትልቅ ምስር ያለች የጠራች ሌንስ አለች። («ሌንስ» የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ምስር ማለት ነው።) ውስጧ ውሃና ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ በዕድሜ፣ በስኳር በሽታ፣ በጉዳት ወይም በመድኃኒት ሲበላሽ፣ የእንቁላል ውሃ ሲበስል እንደሚነጣ ሁሉ ሌንሷም ትደፈርሳለች። የበሰለን እንቁላል ወደ ጥሬ የሚመልስ ጠብታ እንደሌለ ሁሉ የደፈረሰች ሌንስን የሚያጠራ ጠብታም የለም። መድኃኒቱ ማውጣትና በሌላ መተካት ብቻ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ የሚደርሰው ኮርኒያ ላይ ነው፤ የዓይንን የፊት መስተዋት አቁስሎ ጠባሳ ይተዋል። ያኔ ሊድን የሚችለው ዓይን የማይድን ይሆናል።

አሁን ወደ ውሻው። ወንድሜ፣ ያየኸው ቪዲዮ እውነት ነው። ውሻ ሞራ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል፤ ስኳር በሽታ ያለበት ውሻ ደግሞ በወራት ውስጥ ዓይኑ ሊነጣ ይችላል። ውሻህ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ከሆነ ለሐኪሙ ይህን አስቀድመህ ንገረው። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈው ውሻ ዓይኑ መሐል ሰማያዊ ጉም የመሰለ ነገር ሊታይበትም ይችላል፤ እሱ ሞራ ሳይሆን ሌንሱ በዕድሜ መጠንከሩ ነው፤ ውሻው በደንብ ያያል። ያንተው ግድግዳ ይጋጫልና ከዚህ ያለፈ ይመስላል።

ቀዶ ሕክምናው ከሰው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ቻርልስ ኬልማን እ.ኤ.አ. በ1967 ባስተዋወቀው ዘዴ፣ በድምፅ ሞገድ በሚንቀጠቀጥ ቀጭን መሣሪያ ሌንሱ ተፈርፍሮ ይመጠጣል። ሌንሱን የያዘችው ስስ ከረጢት ትቀራለች፤ ሰው ሠራሹ ሌንስ እዚያው ይቀመጣል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፤ ለሰው የሚገባው ሌንስ ጉልበቱ በአማካይ 21 ዳይኦፕተር ገደማ ሲሆን የውሻው 41 ገደማ ነው። የሰው ሌንስ ለውሻ አይሆንም።

«ከዚያስ?» ላልከው፣ የውሻ ዓይን ሲነካ በጣም ይቆጣል። ብግነቱ ኃይለኛ ስለሆነ ጠብታ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይደረግለታል። እንዳያክ አንገቱ ላይ ትልቅ የፕላስቲክ ቀለበት ይታሰርለታል። የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሬቲና ሊላቀቅ፣ የቀረችው ከረጢትም መልሳ ልትደፈርስ ትችላለች። ለዚህ ነው የእንስሳት የዓይን ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሬቲናው መሥራቱን በኤሌክትሪክ ምርመራ የሚለኩት፤ ባለቤቱንም «ጠብታውን በሰዓቱ ትጨምራለህ ወይ?» ብለው የሚፈትኑት።

የኔ ምክር ለአንተ ቀለል ያለ ነው። ውሻ በአፍንጫውና በጆሮው የሚኖር ፍጥረት ነው። የውሃ ዕቃውንና መኝታውን ከቦታው አታንቀሳቅስበት፤ በሰፈሩ ተላምዶ ይኖራል። ዓይኑ ከቀላ፣ ካነባ፣ ወይም ጨፍኖ አልገልጥ ካለ ግን አሞታል ማለት ነው፤ የቆየ ሞራ ራሱ ውስጡን ሊያስቆጣና ግፊት ሊያስነሳ ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትብልኝ። ይህቺን ሳልል ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወላጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ። ወዳጄ የውሻን ዓይን ሲገልጽልኝ «ይህማ የልጅ ዓይን ነው» አልኩት። የአዋቂ ዓይን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቀላሉ ይረጋጋል። የሕፃን ዓይን ግን እንደ ውሻው ይቆጣል፤ ከረጢቷም ቶሎ ትደፈርሳለች። ስለዚህ ልጆችን የሚያክም የዓይን ሐኪም ብዙ ጊዜ የከረጢቷን ጀርባ እዚያው ከፍቶላት ይወጣል። ይህ ልዩ ሙያ፣ ሙሉ ማደንዘዣና ረጅም ክትትል ይፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ጊዜው ነው። ማየትን የሚማረው አንጎል ነው፤ የሚማረውም በልጅነት ነው። ሕፃኑ በሁለት ዓይኑ ወፍራም ሞራ ይዞ ከተወለደ፣ ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አካባቢ ቢሠራ ይመረጣል፤ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ። በዓመት አይደለም፣ በሳምንት ነው የምንቆጥረው። የአያት ሞራ አምስት ዓመት ቆይቶ ቢወጣ አያት ያያሉ፤ ማየትን ቀድመው ተምረውታልና። የሕፃኑ ግን ያ ጊዜ ካለፈ፣ ሌንሱ እንደ ምንጭ ውሃ ቢጠራም አንጎሉ የዚያን ዓይን መልእክት ማንበብ አይችልም። «ሰነፍ ዓይን» የምንለው ይህን ነው።

አንዲት እናት ከደጋው የአራት ዓመት ልጇን አዝላ መጥታ ነበር። የልጅቷ አንድ ዓይን ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነጥብ ነበረበት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃት «ስታጠባ ጀምሮ አየዋለሁ፤ ትንሽ ትጠንክር ተባልኩ» አለችኝ። ያለቻት ጎረቤት ትሁን አማት አልጠየቅኳትም፤ ሁላችንም የምንለው ነገር ነው። ልጅቷን ወደ ልጆች የዓይን ሐኪም ላክናት፤ ተሠራላት። ነጩ ጠፋ። ዕይታው ግን ከፊሉ ብቻ ነው የተመለሰው፤ እሱንም ጤነኛውን ዓይን በየቀኑ ለሰዓታት በመሸፈን፣ በመነጽርና በእናቲቱ ትዕግሥት። እኔ እንደዚያች ሴት የታገለ ሰው ብዙ አላየሁም። ግን ያንን ሁሉ ትግል ከአራት ዓመት በፊት ብትጀምረው ምን ያህል ታተርፍ እንደነበር ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጃችሁን ፎቶ ስታነሱ እዩት። በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ላይ የሁለቱም ዓይን ብሌን ቀይ ሆኖ መታየቱ ደንበኛ ነው። አንዱ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ በተደጋጋሚ ከታየ በሳምንቱ ውስጥ ተመርመሩ። ሦስት ወር ያለፈው ሕፃን ፊታችሁን በዓይኑ ካልተከተለ፣ ዓይኑ ካለማቋረጥ የሚደንስ ወይም የሚሸወርር ከሆነም እንደዚሁ። ነጭ ብሌን ሁልጊዜ ሞራ አይደለም፤ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የሕፃናት የዓይን ካንሰርም በዚሁ መልክ ይመጣል። እሱ የሚወስደው ዓይንን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይድናል። ለዚህ ነው ቤት ተቀምጦ መገመት የማልፈቅደው።

ሌላው የልጆች ሞራ ከጉዳት ይመጣል፦ ዱላ፣ ጅራፍ፣ ድንጋይ። በዶርዜ ቤቱም አጥሩም ቀርከሃ ነውና የቀርከሃ ስንጥር ልብ በሉ። ዓይን የወጋውን ነገር አትንቀሉ፣ አትሹ፣ አትጠቡ፤ ሳትጫኑት ሸፍናችሁ ያኔውኑ ውሰዱት።

አንድ ነገር ልቆጣ። ዓይኑ በአለርጂ የሚያሳክከው ልጅ አለ፤ በአቧራ ወራት ዓይኑን ሲያሽ የሚውል። አንዴ ሐኪም ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ያዝዝለታል፤ በሁለት ቀን ይሻለዋል። ከዚያ ወላጅ ባዶውን ብልቃጥ እያሳየ ለዓመታት ያለ ማዘዣ ይገዛለታል። ያ ጠብታ ስቴሮይድ ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ክትትል ሲወሰድ ራሱ ሞራ ያመጣል፤ የዓይን ግፊትንም ከፍ አድርጎ ነርቩን ይገድላል። ሞራው ይወጣል፤ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። እባካችሁ ብልቃጡን አንብቡ።

ወደ ታላላቆቻችን ልለፍ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ በአገራችን ካሉ ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ነው። ግማሹ! የሚወጣ፣ የሚተካ ነገር ነው። ጨለማ ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ዕድሜ ነው» ተብለው ነው።

ዶርዜን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ወንዱ መወርወሪያውን ይዞ ይሸምናል፣ ሴቷ እንዝርት ይዛ ትፈትላለች። ከነጭ ባዘቶ ነጭ ክር ማውጣት፣ ነጭ ድር ውስጥ የተበጠሰ ነጭ ክር ፈልጎ መቀጠል፤ ከዚህ የበለጠ ዓይን የሚፈትሽ ሥራ አላውቅም። ስለዚህ ሞራ መጀመሪያ የሚታወቀው ሥራው ላይ ነው። አባት የጥለቱን ቀለም ማሳሳት ይጀምራሉ፤ የደፈረሰ ሌንስ ቀለምን ያቢጫልና ሰማያዊውና አረንጓዴው ይምታታል። እናት ፀሐይ ላይ ዓይናቸው ይጭበረበራል፤ ሲመሽ ይሻላቸዋል። እንግዳን የሚለዩት በድምፁ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሚያታልል ነገር ይከሰታል፦ ለዓመታት መነጽር ሲፈልጉ የነበሩ አዛውንት ድንገት ያለ መነጽር መርፌ መሰካት ይጀምራሉ። ቤተሰቡ «ዓይናቸው ታደሰ» ብሎ ይደሰታል። ሌንሱ እየጠነከረ ጉልበቱ ተቀይሮ ነው፤ ቅርቡ ሲጠራ ሩቁ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ይሄዳሉ።

በመስቀል አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ፣ የሽሮ ሜዳው ጭምር፣ ወደ አገሩ ይገባል። ከዓመት በኋላ እናትን የሚያይ ልጅ አብሮ የኖረው ያላስተዋለውን ያስተውላል። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ አንዱን ዓይናቸውን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ በሌላው ስድስት እርምጃ ላይ የቆማችሁበትን ጣት ያስቆጥሯቸው። ከዚያ ሌላውን። ካልቻሉ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ውሰዷቸው፤ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራበትን ቀን ደውላችሁ ብትሄዱ ሰዉ ከደጋ ወርዶ በከንቱ አይመለስም። እንደ ኪዩር ብላይንድነስ ፕሮጀክት (የቀድሞው ሂማላያን ካታራክት ፕሮጀክት) ያሉ ድርጅቶችም በአገራችን የሞራ ዘመቻ ያካሂዳሉ፤ ሲታወጅ ጆሯችሁን ስጡ። ሁሉም ዕይታ ማጣት ሞራ አይደለም፤ ግላኮማም ትራኮማም አለ። የሚለየው ምርመራ ነው።

«ዓይኔን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል» ብለው የሚፈሩ አሉ። ዓይን ከቦታው አይነቃነቅም። ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፣ ሰውየው ነቅቶ ይተኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይት ያስፋፋው ዘዴ ውድ ማሽን የማይፈልግ፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራና ብዙውን ጊዜ ስፌት የሌለው ነው፤ በዘመቻ የሚሠራው በአብዛኛው እሱ ነው። ሰው ሠራሹን ሌንስ መጀመሪያ ያስገባው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949። በጦርነቱ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች አይቶ ነው፤ ፕላስቲኩ ዓይኑን እንደማያስቆጣ አስተዋለ። «ሞራው ይብሰል» ብሎ መጠበቅም የድሮ ነገር ነው። እጅግ የበሰለ ሞራ ለማውጣትም ይከብዳል።

ከተሠራላቸው በኋላ ምን ይሆናል? ጠብታው ለአራት ሳምንት ገደማ፣ ሐኪሙ ባለው ልክ። ከዶርዜ ቤት መሐል እሳት አይጠፋምና ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጭስ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ዓይን ማሸት፣ ፊትን በምንጭ ውሃ መታጠብ የለም። እንሰት መፋቅና እንጨት መሸከም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ትንሽ መቆርቆር ያለ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ሕመሙ ከጨመረ፣ ዓይኑ ደም ከመሰለና የተገኘው ዕይታ ከቀነሰ፣ ይህ ውስጡ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ። በቀን ልዩነት ዓይን ይጠፋል።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደግሞ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ይላሉ። አልመጣም፤ የወጣ ሌንስ አይበቅልም። የደፈረሰችው የቀረችው ከረጢት ናት፤ ውሻው ላይ ያነሳናት። ሌዘር ባለበት ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ያለ ቢላ ትከፈታለች። ይህን ባለማወቅ ዳግመኛ ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የመጨረሻው ነገር መነጽር ነው። የገባው ሌንስ እንደ ተፈጥሮው ሩቅና ቅርብ እያለ አይለዋወጥም፤ ሩቁ ከጠራ ለቅርቡ መነጽር ያስፈልጋል። የንባብ መነጽር ደግሞ የሚለካው መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት፣ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ሲቀመጥ ድሩ ከዚያ ሊርቅ ይችላል፤ እናት እንዝርቷን የምትይዝበትም እንደዚሁ የራሱ ርቀት አለው። ስለዚህ ለመነጽር ልኬት ከመሄዳችሁ በፊት አባትን ሥራቸው ላይ አስቀምጧቸው። አንድ ክር ውሰዱ፤ ከዓይናቸው እስከሚሸምኑበት ቦታ ለኩና ቋጠሮ ቋጥሩበት። ክሩን ይዛችሁ ሂዱና ለሚለካው ባለሙያ «የሚሠሩት በዚህ ርቀት ነው» በሉት።